አምስት የጃፓን ቃላት ለአንድ የእንግሊዝኛ ፈተና

የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያገኘሁት አምስት ነው፤ የሚፈለገው ስድስት ነበር። ማንበቡን እንደምንም አለፍኩ፣ መጻፉንም፣ ማዳመጡንም፤ አፍ መክፈቱ ላይ ቀረሁ። ይሄ የሚያውቁኝን ሰዎች አላስደነቃቸውም። እኔ አውቶቡስ ውስጥ መውረጃዬ ሲደርስ ደወሉን መጫን እያፈርኩ፣ ሌላ ሰው እስኪጫን ስጠብቅ ሁለት ፌርማታ አልፌ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ።

ፈተናው ያስፈለገኝ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት ኮርስ ለመግባት ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ሌላው ቦታ ሁሉ የሃይስኩል ወረቀት ይጠይቀኛል። ይሄኛው ኮሌጅ ግን የራሱን መግቢያ ፈተና ሰጥቶኝ አልፌ ነበር። የቀረኝ ንግግር ስድስት የሚል አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የመዝገብ ክፍሏ ሴት ቦታዬን እስከ ኦገስት መጨረሻ እንደሚይዙልኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለተጠባባቂ እንደሚሰጡት በኢሜይል ጻፈችልኝ። ኢሜይሉ በትሕትና የተሞላ ነበር። አሥር ጊዜ ያህል አነበብኩት፤ አሥር ጊዜም ያው ኦገስት ነው።

የምኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ሳድል ሪጅ የሚባል ሰፈር፣ አክስቴ ቤት፣ ከምድር በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚሁ ካልጋሪ የተወለደች፣ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሁለተኛውን ውጤት ያየች ቀን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ፖሊስ መረመረችኝ።

"ኦኬ፣ ንገሪኝ። ፈርስት ታይም ምን ጠየቁሽ?"

"ስለምወደው ሰው።"

"ምን አልሽ?"

"ስለ እናቴ ተናገርኩ።"

"ኤንድ?"

"አለቀስኩ።"

"ሴከንድ ታይም?"

"በልጅነቴ ስለምወደው ምግብ።"

"ኤንድ ዩ ክራይድ።"

"ትንሽ።"

ተነስታ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደደች። ከዚያ ለፈተናው የሚሆነኝ የማያስለቅስ ነገር እንደሆነ ነገረችኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፈተናውን የወሰዱ ጓደኞች አሏት። እነሱ እንዳሏት ፈታኞቹ ስለ እናትና ስለ ምግብ ሰምተው ሰምተው ሰልችቷቸዋል፤ ወደ እንግሊዝኛ የማይተረጎም ቃል ስታስረጂያቸው ግን ይነቃሉ።

"የአማርኛ ቃል ልምረጥ?" አልኳት።

"ኖ። አማርኛ ከሆነ ሆድሽ ይባባል፣ ላይክ፣ ወዲያው። ጃፓንኛ ነው የሚሻልሽ። ጃፓንኛ ሊያስለቅስሽ አይችልም። ኤንድ ደግሞ የጃፓን ሬስቶራንት ነው የምትሠሪው። ሰው ያምንሻል።"

ይሄ እውነት ነው። የምሠራው ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር፣ የአንዲት ጃፓናዊት አዛውንት ትንሽ ምሳ ቤት ውስጥ ነው። ሩዝ አጥባለሁ፣ ኪያር እቆርጣለሁ፣ ምሳ በሳጥን እሞላለሁ። ደንበኛ ፊት አልወጣም፤ ስቀጠር የለመንኩት እሱን ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከስልኳ አምስት ቃላት አወጣች። ጥያቄው ምንም ይሁን ምን ከአምስቱ አንዱን ማስገባት ይቻላል አለች። በቢጫ ወረቀት ላይ ጽፈን ቤቱን አለበስነው። ኢሩሱ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ ሰው ሲያንኳኳ ቤት ውስጥ እያሉ የሌሉ መምሰል ማለት ነው። ኩቺሳቢሺ ፍሪጁ ላይ፤ ሳይርብ፣ አፍን ብቸኝነት ስለተሰማው ብቻ መብላት። አጌኦቶሪ መስታወቱ ላይ፤ ፀጉር ተሠርቶ ከበፊቱ ብሶ መገኘት። ጹንዶኩ መጽሐፍ እየገዙ ሳያነቡ መከመር ነው፤ እሱን የአክስቴ ልጅ መደርደሪያ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ብዙም አልሳቀችም።

አምስተኛው ኮሞሬቢ ነው፤ በዛፍ ቅጠል መሃል ሾልኮ የሚወርድ የፀሐይ ብርሃን። ቤት ውስጥ የምንለጥፍበት አልነበረንም። "ካላየሽው እንዴት ታስረጂዋለሽ?" ብላ ወደ ውጭ ወሰደችኝ።

ሳድል ሪጅ አዲስ ሰፈር ነው። ዛፎቹ ከቤቶቹ በኋላ የተተከሉ፣ ገና በእንጨት ተደግፈው የቆሙ፣ ከኔ ትንሽ የሚረዝሙ ናቸው። አራት መንገድ ዞረን ከሁሉም ይሻላል ያልነውን አገኘን። ጥላው የመጥረጊያ ጥላ ያህላል። ጎንበስ በይ አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ገባሁ።

"ፊል አደረግሽው?"

"አንገቴን አመመኝ።"

"ብርሃኑን ማለቴ ነው።"

"ብርሃኑ በሁሉም በኩል ነው የሚመጣው። የሚከለክለው ቅጠል የለም።"

አንድ ሰውዬ የሣር ማጨጃውን አጥፍቶ ያየን ነበር። ዛፉ የሱ ነው። የአክስቴ ልጅ በእንግሊዝኛ "ለፈተና ነው" አለችው። ራሱን ነቀነቀና እስክንሄድ ጠበቀ።

አክስቴ ከቃላቱ ሁሉ የወደደችው ኩቺሳቢሺን ነው። ብስኩት ስታወጣ ከደረስኩባት "ርቦኝ አይደለም፣ ኩቺሳቢሺ ነው" ትለኛለች፣ ሐኪም ያዘዘላት ይመስል። ችግር ያመጣብን ግን ኢሩሱ ነው።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ትልቅ ሴት ይኖራሉ። እትዬ ነው የምንላቸው። ደግ ናቸው፤ ከመጡ ግን ቶሎ አይሄዱም። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ከሆስፒታል ሺፍቷ ወጥታ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች ደወሉ ተደወለ። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቃ አይታ ለልጇ "ዝም በይ፣ እትዬ ናቸው" አለቻት። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኔ ይሄን ሁሉ አላወቅኩም። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ ቤዝመንት ውስጥ እየተለማመድኩ ነው። የቤዝመንቱ መስኮት ደግሞ ክፍት ነው፤ የሚከፈተውም ከዋናው በር አጠገብ፣ በሩ ላይ ከሚቆም እንግዳ እግር ሥር ነው።

የምለው በእንግሊዝኛ እንዲህ ነበር፦ "ኢሩሱ የጃፓን ቃል ነው። ለምሳሌ አንዲት አሮጊት በርሽን ታንኳኳለች። ቤት ውስጥ አለሽ። ግን ደክሞሻል፣ እሷ ደግሞ ብዙ ታወራለች። ስለዚህ አክስትሽ ወለል ላይ ትተኛለች፤ አንቺም ትተኛለሽ፤ እስክትሄድ አትነሱም።" ጥሩ ወጣልኝ ብዬ ደገምኩት። ሁለተኛው ላይ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

ማዳመጫውን ሳወጣ የእትዬን ፊት መስኮቱ ላይ አየሁት። ጎንበስ ብለዋል።

"የኔ ልጅ፣ አክስትሽ ወለሉ ላይ ምን ሆና ነው የተኛችው?"

 ያደረግኩትን እስከዛሬ ላስረዳ አልችልም፤ መብራቱን አጠፋሁ።

"ስታጠፊው አየሁሽ እኮ" አሉኝ።

አክስቴ ሮጣ በሩን ስትከፍት ፀጉሯ በአንድ በኩል ተኝቷል። እትዬ አዩዋት፣ ከኋላዋ በሩ ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ወረቀትም አዩ። "ደህና ዋሉ" ብለው ሄዱ። በዚያ ቤት ታሪክ እትዬ ሳይቀመጡ የሄዱበት የመጀመሪያው ቀን ነው። አክስቴ እንደገና ሶፋው ላይ ወጣች፣ እንቅልፉ ግን እምቢ አለ።

ሰኞ ወረቀቶቹን ይዤ ሥራ ሄድኩና ለአሠሪዬ አሳየኋቸው። እንግሊዝኛቸው እንደኔ አጭር ነው፤ ስለዚህ እሳቸውን ለማናገር አላፍርም። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አጌኦቶሪ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጃፓንኛ ነው።"

"አይደለም።"

"ፀጉር ተሠርቶ ማስጠላት።"

ትንሽ አሰቡ። "ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ብዙ ጊዜ ተሠርቼ አስጠልቻለሁ። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ግን የለም።" ብዕራቸውን አውጥተው ሰረዙት። ሌሎቹን አሳለፉልኝ።

ከምሳ ግርግር በኋላ ባዶ የሩዝ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበትና "እኔ ፈታኝ ነኝ" አሉ። እኔ ካሮት እየላጥኩ ነው። ኩቺሳቢሺን አስረጂ አሉኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ።

"ሌላ የምትጨምሪው አለ?"

"አይ፣ ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ።"

 ካሮቱን መላጤን ቀጠልኩ።

"ትንሽ ጨምሪ እንጂ።"

"አይ፣ ደህና ነው።"

"አንድ ነገር ብቻ።"

ያኔ ጀመርኩ። ስለ አክስቴ ብስኩት፣ አሠሪዬ ራሳቸው ሒሳብ ሲሠሩ ሳያውቁት ስለሚጨርሱት የተጠበሰ የባሕር ቅጠል፣ ስለ ባቡር ውስጥ ሰዎችና ስለ ማስቲካቸው አወራሁ። ካሮቱ አልቆ ወሬዬ አላለቀም። አሠሪዬ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ይሄ ሁሉ ካለሽ መጀመሪያ ለምን አይ አልሽ?"

"ወዲያው እሺ ማለት ያሳፍራል።"

"እውነተኛዋ ፈታኝም እንዲህ ጠይቃሽ ነበር? ሌላ አለሽ ወይ ብላ?"

"ሁለቱም ጊዜ።"

"ምን አልሽ?"

"አይ፣ ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ጠበቅኩ።"

"ስንት ጊዜ ጠየቀችሽ?"

"አንድ ጊዜ።"

ሽርጣቸውን አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ያለቀሱ መስሎኝ ቢላዋውን አስቀመጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋት የሠራሁ አልመሰለኝም ነበር። ሰው ምግብ ሲያቀርብልኝ አይ እላለሁ፤ በሞቴ ይለኛል፤ አሁንም አይ እላለሁ፤ አፈር ስሆን ይለኛል፤ ከዚያ እበላለሁ። ያደግኩት እንዲህ ነው። እዚያ ፈተና ክፍል ውስጥም ሁለት ጊዜ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ፈታኟ በሞቴ እስክትለኝ ጠብቄአለሁ። እሷ ግን "ታንክ ዩ" ብላ መቅረጫውን አጠፋችው። ባለጌ ናት ብዬ ነበር የወጣሁት።

"በኛ አገር ኤንርዮ ይባላል" አሉኝ አሠሪዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እየፈለጉ መቆጠብ። እኔም እዚህ አገር የመጣሁ ጊዜ በረሃብ ልሞት ነበር። ትበያለሽ? አይ። ሳህኑ ይሄዳል። ስድስት ወር ሳህን ሲሄድ እያየሁ ኖርኩ።"

ማታ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት።

"ዌይት። በሞቴ እስክትልሽ ጠበቅሽ?"

"ቢያንስ አንድ ጊዜ ትደግመዋለች ብዬ ነው።"

"ኤግዛሚነር እኮ ናት። ታይመር ነው ያላት። ልታጎርስሽ ነው እንዴ የተቀመጠችው?"

ሦስተኛው ፈተናዬ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጠየቅኩትን ሁሉ በመጀመሪያው እሺ እንድል ወሰነች። ሻይ? እሺ። ፖፕኮርን? እሺ። አብረሽኝ ጂም ትሄጃለሽ? እሺ ብዬ ሄድኩ፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ አልቻልኩም። ልብሴን ታጥፊልኛለሽ ስትል አክስቴ ከኩሽና ሆና "ይሄ ለፈተናው ምን ያደርግላታል?" ብላ አስቆመቻት።

በዚያ ሳምንት እሑድ አክስቴ ኬክ ገዛችና እትዬን ይቅርታ ልንጠይቅ ሁለታችን ሄድን። ተቀበሉን፣ አስቀመጡን፤ ግን ቀዝቀዝ ብለዋል።

"ከወለሉ ተነሳሽ?" አሏት አክስቴን።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ ከሥራ ወጥቼ ደክሞኝ ነው።"

"ወለሉ ግን አይቀዘቅዝም?"

"ሶፋው ላይ ነበርኩ እኮ። ወለሉን የጨመረችው ይህች ናት፣ ለፈተናዋ።"

እትዬ ዞረው አዩኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ በረዶና ስለ ጉልበታቸው ከተወራ በኋላ ለመሄድ ተነሳን። እትዬም ለወጉ ያህል "ምሳ ሳትበሉ የት ትሄዳላችሁ?" አሉ። አክስቴ "አይ፣ በልተን ነው የመጣነው" ስትል፣ እኔ በዚያው አፍታ "እሺ" አልኩ።



"ምን አልሽ?" አሉኝ እትዬ።

"እሺ አልኩ። እበላለሁ።"

አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዘግይታ ነበር። እትዬ ወደ ኩሽና ገቡ። ፍሪዘሩ ሲከፈት ሰማን፤ ከዚያ እንደ ድንጋይ የሆነ ነገር የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ሲወድቅ ሰማን። ምንም አልተሠራም ነበር። አክስቴ በሹክሹክታ "ፈተናውን ካላለፍሽ እገድልሻለሁ" አለችኝ። ከአፍታ በኋላ ከኩሽናው የእትዬ ሳቅ መጣ። ብቻቸውን እየሳቁ ብቅ አሉና "ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ብሉ እላለሁ፣ በአንዴ እሺ ያለኝ ማንም የለም። ሽንኩርት መክተፍ ትችያለሽ?" አሉኝ። እሺ አልኩ። የበላነው ሊመሽ ሲል ነው። አክስቴን እንቅልፍ ቢያዳፋትም፣ እትዬ ከልባቸው ይቅር አሉን።

የፈተናው ቀን ያው ፈታኝ ነበረች፣ ያው መነጽር፣ ያው መቅረጫ። ጥያቄውን ከካርድ ላይ አነበበችልኝ። ስለ አንድ ጎረቤትሽ ተናገሪ ይላል።

"ጎረቤቴን ለማስረዳት አንድ የጃፓን ቃል ያስፈልጋል" ብዬ ጀመርኩ። "ኢሩሱ ይባላል።"

"ጎረቤትሽ ጃፓናዊት ናት?"

"አይደለችም። የጎንደር ሰው ናት።"

"ታዲያ ጃፓንኛው ምንድን ነው?"

"ጃፓንኛው እኛ ያደረግናት ነው።"

ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ስለ መስኮቱ ነገርኳት፤ ስለ አክስቴና ስለ ወለሉ፣ ስላጠፋሁት መብራት። ከንፈሯን ነከሰች። ፈታኞች መሳቅ የሚፈቀድላቸው አይመስለኝም። ያዘጋጀሁት እዚያ ላይ አለቀ።

"ሌላ የምትጨምሪው—"

"አዎ" አልኩ፣ ሳትጨርስ።

ከዚያ ዝም አልኩ። አሥር ቀን ሙሉ አዎ ማለት ተለማመድን እንጂ ከአዎ በኋላ ስለሚመጣው ማንም አላሰበም።  ፈታኟ ጠበቀች። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእትዬ ፍሪዘር የወጣው፣ እንደ ድንጋይ የሆነው ሥጋ። ስለዚህ እሱን ነገርኳት። "ጎረቤቴ ምሳ ብሉ ያለችን ለወግ ነው፣ እኔ ግን እሺ አልኩ" አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ ለማስረዳት ኤንርዮን መናገር ነበረብኝ፤ ኤንርዮን ለማስረዳት አሠሪዬንና ስድስት ወር የሄደባቸውን ሳህን፤ እሱን ለማስረዳት ደግሞ ባለፉት ሁለት ፈተናዎች እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሷን ስጠብቃት እንደነበር።

"እኔን?" አለች።

"ሁለት ጊዜ። እንደገና ትጠይቂኛለሽ ብዬ።"

መነጽሯን አወለቀች። "እኔ የጨረስሽ መስሎኝ ነበር" አለች፤ ለመቅረጫው ሳይሆን ለኔ የተናገረች ይመስለኛል። ሰዓቱ ጮኸ። እጇን ስታነሳ እኔ ገና ሽንኩርቱ ላይ ነበርኩ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ልጨምር አልኳት። አይቻልም አለችኝ።

ውጤቱ ኦገስት ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ስልኬ ላይ መጣ። ራሴ መክፈት አልቻልኩም፤ የአክስቴ ልጅ ቀምታ ከፈተችው። ስድስት ይላል። ስድስት ተኩል አይደለም፣ ሰባት አይደለም፤ ስድስት።

"አለቀስሽ ወይ ግን?" አለችኝ።

"ጊዜ አልነበረኝም።"

በማግስቱ ወረቀቱን አትሜ ኮሌጅ ሄድኩ። ባቡር ውስጥ ለመዝገቧ ሴት የምላትን ስለማመድ ነበር፤ ስለ ኢሜይሏ ላመሰግናት፣ ሁለት ጊዜ ለምን እንደወደቅኩ ልነግራት፣ ከጠየቀችኝም ኮሞሬቢን ሳይቀር ላስረዳት አስቤአለሁ። ወረፋዬ ደረሰ። ወረቀቱን ተቀበለችኝ፣ ቁጥሩን በጣቷ ነካችው፣ ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ነገር መታች።

"ተመዝግበሻል። ሰኞ ጠዋት ጀምሪ። ጥቁር ሱሪ፣ ጣት የማይታይበት ጫማ" አለችኝና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

አልተንቀሳቀስኩም። "ምንም አትጠይቂኝም?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ስለ ምን?"

ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ነገር ልጨምር ብዬ የጫማ ቁጥሬን ነገርኳትና ወጣሁ።